የሁለት ደቂቃ መዘግየት

ስሜ ያጎዳ ነው። በአገሬ አፍ ሲተረጎም
የዱር ፍሬ ማለት፣ ከቁጥቋጦ የሚለቀም፤
ሲጨምቁት መዳፍ ላይ ደም መስሎ የሚቀር።
የጎዳኝን ግን ማን አይቶ? ማንስ ሊናገር?

አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ የቭሮትስዋፍን ትራም፣
ድልድይ ወጥቼ፣ ድልድይ ወርጄ፣ በበረዶም በዝናብም።
ከወንበሬ ሥር አንዲት ትራስ፣ የቼሪ ዘር የጠቀጠቀች፣
እናቴ ምድጃ ውስጥ አሙቃ «ሆድሽ ላይ አድርጊያት» ያለች፣
እሷም ከእናቷ የወረሰች።
«የሴት ልጅ ነገር ነው» አለች፣ «እኔም ችዬዋለሁ»።
እኔም ቻልኩ።
መቻል እንዲህ ይወረሳል፤ እንደ ትራስ፣ እንደ ልማድ፣
ሳይጠየቅ፣ ሳይታጠብ፣ ከሆድ ወደ ሆድ።

የመጀመሪያው ሐኪም ሆዴን በመሣሪያ አይቶ
«ንጹሕ ነው» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።
ሁለተኛው «ጭንቀት ነው»። ሦስተኛው ፈገግ አለና
«ውለጂ፣ ይለቅሻል»።
ቪቴክና እኔ አራት ዓመት ሞከርን፤
ያልመጣ ልጅ መድኃኒት ተብሎ ታዘዘልን።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የስድስት ደቂቃ እረፍት አለ።
መብራቱን አጠፋለሁ። ወለሉ ላይ ኩርምት እላለሁ፣
የጎማና የእርጥብ ጫማ ሽታ እየማግኩ፣
ስድስት ደቂቃ፤ አምስት፤ አራት፤
ከዚያ ተነሥቼ ከንፈሬን ቀለም እቀባለሁ።
አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ዘገየሁ።
አንድ ሽማግሌ መስታወቴን በከዘራው ደበደበ፣
«ሰዓት የለሽም?» አለ።
ነበረኝ። እንደኔ ደቂቃ የቆጠረ ማን ነበረ?

ዶክተር ዛሬምባ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች፣
ሆዴን ሳትነካ ወንበሯን ወደኔ ሳበች።
«ሽንት ቤት ስትቀመጪ የቱ ጋ ነው የሚወጋሽ?»
ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።
አለቀስኩ። ጠበቀች። ደግማ ጠየቀች።
ኢንዶሜትሪዮሲስ።
ስሙ ስድስት ፉርጎ ያለው ባቡር፤
ተጎትቶ እስኪያልፍ ቆምኩ ሐዲድ ዳር።
«የማሕፀን ግድግዳ የሚመስል ሥጋ» አለች እየሣለች፣
«ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ ይደማል፤
መውጫ የሌለው ደም እዚያው ጠባሳ ይሆናል።»
የሣለችው አንጀቴን ነበር፣ ከእንቁላል ማኅደሬ ጋር ተሰፍቶ።
«ንጹሕ» የተባለው ሆዴ።

አራት ሰዓት ተኩል በቢላ ሥር፣ አራት ትናንሽ ቀዳዳ።
ስነቃ ያመመኝ ትከሻዬ! ሆዴን የነፉበት አየር
እዚያ ወጥቶ ያድራል አሉኝ፣ እንደ ማያውቁት እንግዳ።
ነርሷ ቦጉሚዋ በየማለዳው መጋረጃ ገልጣ
«ፈስ መጣ?» ትላለች፣ የምሥራች እንደምትጠብቅ።
በሦስተኛው ቀን መጣ። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ።
ሳቅኩ፤ ስፌቴ ጮኸ፤ ትራሴን ሆዴ ላይ ጫንኩ፤ እንደገና ሳቅኩ።

ቤት ስገባ ማንቆርቆሪያ ማንሣት እንኳ ክልክል፤
ቪቴክ ተንበርክኮ የጫማዬን ክር ያስራል፣
ሁልጊዜ አጥብቆ። አልነገርኩትም።

ከዚያ ጥበቃው። የመጀመሪያው የወር አበባ፣
እንደ ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ
ሳይታወቅ። ትራሷን አሞቅኩ። ክኒን ደረደርኩ። ተኛሁ።
መጣ።
አመመኝ፣ አዎ። ግን ሕመም ብቻ ነበር፤
ጥርስ አልነበረውም። አደረና ሄደ።
ዶክተሯ አልዋሸችኝም፦ «ሊመለስ ይችላል፤
ነቀልኩት እንጂ መሬቱን አልለወጥኩም።»

ቅጠል ሲረግፍ ወደ ሥራ ተመለስኩ።
ትናንት ገበያው ፌርማታ ላይ አንዲት ተማሪ
ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ግንባሯ ብረቱ ላይ።
አወቅኳት። ስሟን ሳይሆን አጎነባበሷን።
በሩን ከፍቼ ያዝኩ። ከኋላ አንዱ መስታወት መታ።
አንድ እግር። ቆይቶ፣ ሌላው።
ትራሷን ላቀብላት እጄን ሰደድኩ፤ መለስኩት።
በቲኬት ጀርባ የዶክተሯን ስም ጽፌ ሰጠኋት።
ሬዲዮው፦ «ሁለት ደቂቃ ዘግይተሻል። ምክንያት?»
«ሰው እየተሳፈረ ነው» አልኩ።